የተራራው ምሰሶ

በእናቴ ቤት መሃል አንድ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ቆሟል። ከሠላሳ ዓመት በላይ የምድጃ ጭስ አጥቁሮታል፤ የተደገፈው ሰው ሁሉ ጀርባ አለስልሶታል። በሰው ቁመት ልክ አንድ ሚስማር ተመትቶበታል። የአያቴ ሙስበሃ እሳቸው ካለፉ በኋላም ከዚያ ሚስማር አልወረደም። ቡና ሲፈላ እንግዳ የሚቀመጠው ከዚሁ ምሰሶ ሥር ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል ምሰሶው ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም።

የመጣው ከቤታችን በላይ ካለው ተራራ ነው። በ1974 ክረምት አያቴ ከገበሬ ማኅበሩ ሰው ጋር ተሰልፈው ያንን ተራራ ችግኝ አለበሱት። በጥቁር ላስቲክ የተጠቀለለ ችግኝ በቅርጫት ተሸክመው ዳገቱን ወጡ፤ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ አፈሩን በእግራቸው ረግጠው አጠበቁ። ለአንድ ቀን ሥራ ሦስት ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ተሰፈረላቸው። በግንቦት 1983 ያንኑ ዛፍ ራሳቸው በምሳር ጣሉት።

ሌሊቱን አስታውሰዋለሁ። ልጅ ነበርኩ፤ የቀሰቀሰኝ ድምፅ ነው። አንድ ምሳር ቢሆን ኖሮ ለማገዶ የወጣ ሰው ነው ብዬ እተኛ ነበር። ብዙ ነበር። ከአንዱ ሸንተረር ይጀምርና ሌላው ይቀበለዋል፤ ከዚያ ግንድ ሲወድቅ የሚሰማው ረጅም ጩኸት፤ ከዚያ የውሻ ጩኸት። ጎህ ሲቀድ አያቴና አጎቴ አንድ ግንድ በትከሻቸው ይዘው ግቢ ገቡ። ሴት አያቴ ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቋቸው።

“የማን እንጨት ነው?” አሉ።

“የእጄ” አሉ አያቴ። ሌላ ነገር አልተነጋገሩም።

ያን ሰሞን በሐይቅና በአምባሰል፣ በሌላውም የሰሜን ኢትዮጵያ ክፍል፣ የዓመታት ድካም የነበረ ደን በሳምንታት ተመነጠረ። እርከን ፈረሰ። የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘኖች ቆርቆሯቸው ተነቀለ፤ በየቦታው የገበሬ ማኅበር ጽሕፈት ቤት መዝጊያና መስኮት ጠፋ። በኋላ ከከተማ የመጣ የተማረ ሰው ሁሉ ሲናገር የሰማሁት አንድ ነገር ነው፤ ገበሬው የዛፍን ጥቅም አያውቅም፣ መንግሥት ሲጠፋ ወደ ድንቁርናው ተመለሰ። ይህን ንግግር ያኔም አልወደድኩትም፤ ዛሬ ደግሞ ስሕተት መሆኑን በድፍረት እናገራለሁ። የቆረጠው ሰው የተከለው ሰው ነው። ዛፉን ከእሱ በላይ የሚያውቀው አልነበረም።

ከደሴ ተነስቶ በወልዲያ መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማ ይደርሳል፤ የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ ናት። አጠገቧ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋው፣ በጥልቅ ቦታው እስከ 88 ሜትር የሚወርደው ውኃ ተኝቷል። መንገዱ ወደ ሰሜን ሲቀጥል የአምባሰል አገር ይጀምራል። ዋና ከተማው ውጫሌ ነው፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 በተፈረመው ውል ምክንያት ስሙን ያልሰማ የታሪክ ተማሪ የለም። ግማደ መስቀሉ አለባት የምትባለው፣ መስከረም 21 ምእመን የሚተምባት ግሸንም በዚሁ በአምባሰል ምድር ናት። ከአራቱ የዘፈን ቅኝቶቻችን አንዱ ስሙን የወሰደው ከዚህ አገር ነው።

አገሩ አምባና ገደል ነው። ሰው የሚያርሰው የተራራውን እግርና ጉልበት ነው፤ ትከሻውንና ራሱን ለከብቱ፣ ለማገዶው፣ ለሣሩ ይተወዋል። ካርታ ይዞ ለመጣ ባለሙያ ያ ትከሻ ባዶ፣ የተራቆተ፣ ማንም የማይጠቀምበት ቦታ ይመስለው ይሆናል። ለእኛ ግን ጊደሮቹ የሚውሉበት፣ ፍየል የሚሰማራበት፣ ክፉ ዘመን ሲመጣ የመጨረሻው ጓዳ ነበር። የታሪኩ ሁሉ ሥር እዚህ ላይ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። የጭሰኝነት ዘመን በአንድ ቀን አበቃ። አዋጁን የተቃወሙ ነበሩ፤ በወሎ ደጃዝማች ብርሃነ መስቀል ደስታን የመሳሰሉ ባላባቶች ሸፈቱ። ያ የባለርስቱ ቁጣ ነው፤ የነበረውን ላለማጣት የተነሣ ቁጣ። የሰውን ጉልበት ሲበላ የኖረ ሥርዓት ሲፈርስ መቆጣትና ከዚህ በታች የምተርከውን የገበሬውን ቁጣ በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ አልችልም። አያቴ በሕይወታቸው ስለ ደርግ ብዙ ክፉ ነገር ተናግረዋል፤ በ1967ቱ አዋጅ ላይ ግን አንድም ቀን ክፉ ቃል አልወጣቸውም።

ችግሩ የመጣው “የሕዝብ” የተባለው መሬት ቀስ በቀስ “የመንግሥት” ሲሆን ነው። የ1965 እና የ66 ረሃብ ወሎን ከጨረሰ በኋላ ባለሙያዎችና ለጋሾች አንድ ምክንያት ላይ ተስማሙ፤ ዛፉ አልቋል፣ አፈሩ ታጥቧል፣ ስለዚህ ሰው ተራበ። መፍትሔው ተራራውን መከለል፣ እርከን መሥራት፣ ችግኝ መትከል ሆነ። በ1972 የደንና የዱር አራዊት አዋጅ ቁጥር 192 ወጣ። በ1973 በስዊሶች እርዳታ የሚካሄደው የአፈር ጥበቃ ምርምር ከደሴ በስተደቡብ ማይባር ላይ ጣቢያ ከፈተ። የዓለም የምግብ ፕሮግራም ደግሞ 2488 በሚል ቁጥር የሚጠራውን፣ በአፍሪካ ከነበሩት የምግብ ለሥራ ፕሮጀክቶች ከትልልቆቹ አንዱ የሆነውን ሥራ ይዞ ገባ። የአያቴ ሦስት ኪሎ ስንዴ ከዚያ ነው የመጣው።

ስንዴው ነፍስ አድኗል። ይህን መካድ ግፍ ነው። ነገር ግን ሦስት ኪሎ ስንዴ ለመውሰድ የተሰለፈ ሰው ችግኙ ለማን እንደሆነ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም ማንም አይመልስለትም። ሰልፉ የሚወጣው በገበሬ ማኅበሩ ትእዛዝ ነበር፤ የት እንደሚቆፈር፣ ምን እንደሚተከል፣ የትኛው ተራራ እንደሚዘጋ ከላይ ተወስኖ ይመጣል። እርከኑ በእርሻ ማሳ ላይም ወረደ። ማሳው ከድሮም ጠባብ ነው፤ ድንጋዩና ግድቡ ከዚያችው ላይ ቆርሶ ወሰደ። በሬ ሲጠመድ መዞሪያ አጣ። በድንጋዩ መሃል አይጥ ረባ። አያቴ ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው ዓመት ያውቁ ነበር፤ የጠየቃቸው ሰው ግን አልነበረም።

ተራራው ከተዘጋ በኋላ ደግሞ ጠባቂ ተቀመጠበት። ክልሉ ውስጥ የተገኘች ፍየል ታስራ ባለቤቷ መቀጮ ይከፍላል። ሣር ማጨድ የሚቻለው ሲፈቀድ ብቻ ነው፤ ደረቅ ጭራሮ መልቀም እንኳ ያስከስሳል። ሴት አያቴ ቀድሞ ከቡና በፊት ለቅመው የሚመለሱትን ማገዶ ፍለጋ ግማሽ ቀን መሄድ ጀመሩ። ሲደክማቸው ኩበት አነደዱ። ኩበቱ ማሳ ላይ የሚበተን ፍግ ነበር። አፈሩን ለማዳን የተዘጋ ተራራ በጓሮ በር በኩል የማሳውን አፈር አስራበ፤ ይህን በየትኛውም የሪፖርት ቅጽ ላይ የሚሞላ ሰው አልነበረም።

ከዚያ 1977 መጣ። ስለዚያ ዓመት በዚህ አካባቢ ሰው ዛሬም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው። ደሳለኝ ራህማቶ አምባሰል አውራጃን መሠረት አድርገው ባካሄዱት ጥናት፣ መጽሐፍ ሆኖ በወጣው ሥራቸው፣ ገበሬው ረሃቡን እንዴት እንደታገለ ጽፈዋል፤ እህል ቆጥቦ፣ ከብት ሽጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ፣ ቅጠልና ሥራ ሥር በልቶ። እርዳታ ከመድረሱ በፊት ሰው ራሱን ለማትረፍ ብዙ ርቀት ሄዷል። መጽሐፉን ሳነብ ደጋግሜ የቆምኩት አንድ ነገር ላይ ነው፤ በዚያ ሁሉ ክፉ ቀን ውስጥ ገበሬው የሚያስብ፣ የሚያቅድ፣ የሚመርጥ ሰው ሆኖ ይታያል። መንግሥት ያየው ግን እንደሚጫን ዕቃ ነው።

በእርግጥም ተጫነ። በኅዳር 1977 የታወጀው ሰፈራ አንድ ሚሊዮን ተኩል ሰው ለማንሳት አቅዶ ስድስት መቶ ሺህ የሚያህል ሰው ወደ መተከል፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጋምቤላ ወሰደ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የወሎ ሰው ነው። በፈቃዱ የሄደ አለ። እህል ይታደላል ተብሎ ተጠርቶ መኪና ላይ የወጣም አለ። አክስቴ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ሄደች። ምድረ በዳ መስሎ ስለታያት ቆላ፣ ስለ ወባው፣ ስለ መሬቱ ነባር ባለቤቶች ጥላቻ ከተመለሰች በኋላም ብዙ አላወራችም። የተመለሰችው ከአንድ ልጅ ጋር ነው።

በዚህ ላይ የኮታ እህል ነበር፤ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ገበያው ከሚከፍለው በታች ዋጋ ቆርጦ ይወስዳል። መዋጮ ነበር። ብሔራዊ ውትድርና ነበር። የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ግቡ የሚል ግፊት ነበር፤ ደኅናው ማሳ ለማኅበሩ፣ ድንጋያማው ለግል ገበሬ። እነዚህን በፍጥነት የማልፋቸው ቀላል ስለነበሩ አይደለም፤ በመላው ኢትዮጵያ የሆነ ስለሆነ አንባቢ ያውቀዋል።

ሕዝቡ ምን ያስብ እንደነበር ሊሰማ ለሚፈልግ ሰው ምልክቱ የመጣው ከግንቦት 83 በፊት ነው። በየካቲት 1982 መጨረሻ ላይ ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጁ፤ ገበሬው ከአምራቾች ማኅበር መውጣት እንደሚችል ተናገሩ። በጥቂት ወራት ውስጥ በአገሪቱ የነበሩት የአምራቾች ማኅበራት ከሞላ ጎደል ሁሉም ፈረሱ። ጥይት አልተተኮሰም። ሰው በሬውን ፈታ፣ ማሳውን ተከፋፈለ፣ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዐሥር ዓመት በላይ ሲነገርለት የነበረ የኅብረት እርሻ የቆመው በገበሬው ልብ ላይ እንዳልነበረ በአንድ ክረምት ታየ። ተራራው ግን ያኔም አልተመለሰም። የደን ጠባቂው በቦታው ነበር።

እንግዲህ በግንቦት 1983 ኢሕአዴግ በዘመቻ ዋለልኝ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲይዝ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሲሰወር፣ ጠባቂው ጠመንጃውን ይዞ ወደ ዘመዶቹ ሲሸሽ፣ ተራራው አንድ ሌሊት ያለ ጌታ አደረ። በዚያ ሌሊት በእያንዳንዱ ቤት የተደረገውን ስሌት መገመት ከባድ አይደለም። እኔ ካልቆረጥኩት ጎረቤቴ ይቆርጠዋል። ጎረቤቴ ባይቆርጠው አዲሱ መንግሥት የእኔ ነው ይላል። ከሰፈራ የሚመለሰው ሰው ደግሞ በየቀኑ ይገባ ነበር፤ ቤቱ ፈርሶ፣ ማሳው ለሌላ ተሰጥቶ፣ አንድ ማገርና አንድ ቋሚ ሳይኖረው። የአክስቴ ጎጆ የተሠራው ከዚያው ተራራ እንጨት ነው። ሌላ ከየት ይመጣ ነበር?

ያን ጊዜ ከተቆረጠው ውስጥ ጥቂት የማይባለው እንጨት ለሽያጭ መዋሉን አልሸሽግም። ቅርንጫፉ ሳይቀር ተጭኖ ገበያ ወጥቷል፤ ጉልበትና አህያ ያለው ብዙ ወሰደ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ትንሽ አገኘች። በቀጣዮቹ ክረምቶች ጎርፉ ከተመነጠረው ሸንተረር ደለል ይዞ ወረደ። አያቴ ይህን ሲያዩ ተጸጽተው እንደሆነ አንድ ጊዜ ጠይቄአቸው ነበር።

“ልጄ፣ እኔ የተቆጣሁት በዛፉ አይደለም” አሉኝ። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር አወሩ።

ያኔ ያልተነካውን ስናይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ሐይቁ ዳር፣ ዛሬ ከየብስ ጋር በተያያዘው የቀድሞ ደሴት ላይ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ መጥተው ታላቅ የትምህርት ቦታ ያደረጉት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት፣ እስከ ዛሬም ሴት የማይገባበት ገዳም ነው። በ1967 የቤተ ክርስቲያን መሬትም እንደ ሌላው ተወርሷል። ዛፉ ግን ቆመ። ወደ ገዳሙ የሚወስደውን መንገድ የሄደ ሰው ጥላው ሲቀበለው ያውቃል። በየመንደሩ ያለው የሙስሊም መቃብር፣ የቆየ መስጊድ፣ ዱአ የሚደረግበት የወልይ ቦታም እንደዚያው ነው፤ የወይራውና የዋርካው ጥላ ከሩቅ ይታያል። በዚያ ሌሊት በእጁ ምሳር ያልያዘ ሰው አልነበረም፤ ወደዚያ የዞረ ምሳር ግን አልነበረም።

ይህን የፈጣሪ ፍርሃት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ፍርሃቱ አለ። ከፍርሃቱ ጋር ግን ሌላም ነገር አለ። የመቃብሩን ወይራ ማን እንደሚጠብቀው፣ ሲወድቅ ማን እንደሚያነሳው፣ ለየትኛው ሥራ እንደሚውል መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ማንም ትእዛዝ አላወጣበትም፤ ሥርዓቱ የራሳቸው ነው። የተከለለውን ተራራ ሕግ ግን የሚያውቀው ጠባቂው ብቻ ነበር፤ እሱ ሲሄድ ሕጉም አብሮ ሄደ።

በኋላ ምሁራን ወደ ነገሩ ሥር ተመለሱ። የኢትዮጵያ ደን በመቶ ዓመት ከ40 በመቶ ወደ 4 በመቶ ወረደ የሚለውን፣ በየስብሰባው ሲደጋገም የኖረውን አባባል ጄምስ ማካን መርምረው መሠረቱ የላላ መሆኑን አሳዩ። አለን ሆበን በፈረንጆቹ 1995 ባወጡት ጽሑፍ የአካባቢ ጥበቃው ዘመቻ ሳይፈተንና ገበሬው ሳይጠየቅ በችኮላ እንደተስፋፋ ጻፉ። ዶናልድ ክራሚ ደግሞ በጣልያን ወረራ ዘመን በወሎ የተነሡ ፎቶዎችን ይዘው እነዚያኑ ቦታዎች ከስድሳ ዓመት በኋላ ሄደው አዩ። በብዙዎቹ ቦታዎች ዛፉ በዝቶ እንጂ አንሶ አላገኙትም፤ አብዛኛው ገበሬው ራሱ በቤቱ ዙሪያ የተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ዛፍ አያውቅም የተባለው ሰው ማንም ሳያዝዘው፣ ስንዴ ሳይሰፈርለት፣ በሚያዝበት መሬት ላይ ሲተክል ኖሯል።

የእኛ ሰው በዓለም ላይ ብቻውንም አይደለም። ፈረንሳይ በፈረንጆቹ 1827 የደን ሕግ አውጥታ የገበሬውን ግጦሽና ማገዶ ስትከለክል፣ በፒሬኔ ተራሮች ሥር የአርየዥ ገበሬዎች ከሁለት ዓመት በኋላ እንደ ሴት ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ፊታቸውን ቀብተው የደን ጠባቂዎቹን አባረሩ። በሕንድ ሂማላያ ደግሞ በፈረንጆቹ 1973 የመንደር ሰዎች፣ በኋላም ሴቶች በብዛት፣ ነጋዴ ሊቆርጠው የመጣውን ዛፍ በክንዳቸው አቅፈው አስቀሩ። አንዱ ጠባቂ አባረረ፣ ሌላው ዛፍ አቀፈ፣ አያቴ ምሳር አነሱ። ሦስቱም ጋ ከመንደሩ ውጭ የተቀመጠ ሰው የመንደሩን ዛፍ ዕጣ ቆርጦ ነበር።

ዛሬ ተራራው እንደገና ለብሷል፤ ሁሉም አይደለም፣ በቦታ በቦታ። ከ1995 ጀምሮ በአማራ ክልል ለገበሬው የይዞታ ደብተር መሰጠት ሲጀምር የማሳው ዳር በባሕር ዛፍ ተሞላ። አጎቴ የልጁን የኮሌጅ ወጪ የሸፈነው ሦስት ጊዜ በቆረጠው መስመር ነው፤ የቆረጠበት ጉቶ ላይ እንደገና ይበቅላል። ከ2003 ወዲህ ደግሞ የተፋሰስ ዘመቻ አለ። በየዓመቱ በበጋ፣ ከጥር ጀምሮ፣ ሰው ዶማና አካፋ ይዞ ያለ ክፍያ ተራራ ይወጣል፤ እርከን ይሠራል፣ ክትር ያስራል። ክረምት ላይ ችግኝ ይተክላል። በአንዳንድ ቦታ ተራራው ለተጠቃሚ ማኅበር፣ ለመሬት አልባ ወጣት ተሰጥቷል፤ ሣሩን አጭደው ይካፈላሉ፣ ቀፎ ይሰቅላሉ። በሌላው ቦታ ደግሞ ሰልፉ ሰልፍ ነው፤ ስም ተጠርቶ ያልወጣ ይቀጣል፣ ሪፖርት ላይ የተተከለው ቁጥር ይጻፋል። ሁለቱን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ተራራውን ከሩቅ አይቶ ይናገራል፤ በመጀመሪያው ላይ እርከኑ በየዓመቱ ይጠገናል፣ በሁለተኛው ላይ ድንጋዩ ተንዶ ይቀራል።

ባለፈው ስሄድ የእኛ መንደር ስብሰባ ላይ ነበር። ከቤታችን በላይ ያለው ያው ተራራ ሊከለል ነው። አጎቴ አርጅቷል፤ ቢሆንም ሄደ። ማታ ሲመለስ ዶማውን ከምሰሶው ሥር አስደግፎ ተቀመጠ፤ እናቴ የመጀመሪያውን ስኒ ሰጠችው።

“ምን አላችሁ?” አልኩት።

“ጠየቅናቸዋ” አለ። “ሣሩን ማን ያጭዳል አልን። እናንተ አሉ፤ በመተዳደሪያ ደንቡ ተጽፏል፣ አንብበውልን ፈረምን። እንጨቱን ማን ይቆርጣል አልን።”

“እሺ?”

“እሱ ወደፊት ይታያል አሉ።”

ስኒውን ለእናቴ መለሰላትና ቶናው እስኪቀዳ ጀርባውን ምሰሶው ላይ ጣል አደረገ። ነገ ጠዋት ይወጣ እንደሆነ ጠየቅኩት። ገና እያሰበበት ነበር።